አያትን በመዝገብ መፈለግ ከሞታቸው ይጀምራል

የአያቱን ወይም የቅድመ አያቱን ሕይወት በመዝገብ መከታተል የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የልደት ማስረጃ ነው። ለዚያ ትውልድ እንዲህ ያለ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም በዚያው ሕግ በቁጥር 3361 አፈጻጸሙ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። አገር አቀፍ ምዝገባው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመካከሉ የተሰጡ የልደት ወረቀቶች ቢገኙም ብዙዎቹ ሰውየው አድጎ ለፓስፖርት ወይም ለትምህርት ሲፈልጋቸው ያወጣቸው ስለሆኑ በላያቸው የሰፈረው ቀን ግምት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፍለጋውን ከሞት መጀመር ይሻላል። አያታችሁ ሲወለዱ ማንም ብዕር አላነሣ ይሆናል። ሲያርፉ ግን ብዙ ሰው ጽፏል፦ የእድሩ ጸሐፊ፣ የደብሩ አስተዳደር፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ ውርስ የጠየቁት ልጆች፣ ችሎቱ፣ ጡረታ ከፋዩ። ከእነዚህ ከአንዱ ትክክለኛ የሞት ቀንና ሙሉ ስም ከተገኘ ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ቤቱ፣ ወደ ሥራው፣ ወደ ጋብቻው፣ በመጨረሻም ወደ ተወለዱበት አገር መሄድ ይቻላል። ከላይ ከታወቀ ባላባት ተነሥቶ ወደ ራሱ የሚወርድ ሰው ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ዘር ላይ ያርፋል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሰውየው ወይም ሴትየዋ የተጠሩባቸውን ስሞች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንዲት የአራዳ ሴት አያት በቀላሉ አራት ስም ሊኖራቸው ይችላል። አንደኛው እናት አባታቸው ያወጡላቸው የዓለም ስም ነው። ሁለተኛው በሰማንያ ቀናቸው የተሰጣቸው የክርስትና ስም ነው፤ ለወንድ በአርባ ቀኑ ነው። ሦስተኛው ሰፈሩና የልጅ ልጆች የሚጠሩበት የቤት ስም፣ አራተኛው ደግሞ ባል ሞቶ ልጅ አድጎ ቆብ ደፍተው እማሆይ ሲሆኑ የተቀበሉት የምንኩስና ስም ነው። ቤተሰቡ በደንብ የሚያውቀው ሦስተኛውን ብቻ ሊሆን ይችላል። የቤት ፋይሉ ግን በአንደኛው፣ ፍትሐቱ በሁለተኛው፣ የመቃብሩ ድንጋይ በአራተኛው ስም ተጽፎ ይገኛል። መዝገባቸው ጠፍቷል ከሚባሉ ሴቶች ብዙዎቹ ያልተገኙት በሌላ ስማቸው ስላልተፈለጉ ነው።

የክርስትና ስም በአሕጽሮት ሲጻፍ ተጠንቀቁ። "ወ/ማርያም" ለወንድ ወልደ ማርያም፣ ለሴት ወለተ ማርያም ነው። "ተ/" ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል። አሕጽሮቱን ስትገለብጡ እንዳለ ገልብጡት። ዘርዝራችሁ ከጻፋችሁት ግምታችሁ ከመዝገቡ ቃል ጋር ይቀላቀልና በኋላ መለየት ያቅታል።

በወንዶቹ በኩል ደግሞ ማዕረጉ ይለዋወጣል። ባላምባራስ የነበረው ግራዝማች፣ ከዚያ ቀኛዝማች፣ ከዚያ ፊታውራሪ ይሆናል፤ በሦስት መዝገብ በሦስት ማዕረግ የተጻፈው አንድ ሰው ሦስት ሰው ይመስላል። ይህ ችግር ቢሆንም ጥቅምም አለው። ማዕረጉ የተሰጠበት ዓመት ከታወቀ ቀን ያልተጻፈበትን ደብዳቤ ከሹመቱ በፊት ወይም በኋላ ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ከ1967 በኋላ በተሞሉ ቅጾች ላይ ማዕረጉ ተጥሎ "አቶ" ወይም "ጓድ" ብቻ ስለሚገኝ በማዕረግ ብቻ የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ ይቆምበታል። የፈረስ ስም ካለም ጻፉ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እንደሚባሉት ሁሉ፣ ሽማግሌዎች አንድን ሰው በፈረስ ስሙ ብቻ ያስታውሱ ይሆናል።

የአባት ስምም ሁልጊዜ የወለደውን አባት አያመለክትም። ጌታ ቤት ያደገ ልጅ ባሳዳጊው ስም ተጠርቶ ሊቀር ይችላል። ከገጠር መጥቶ አጎቱ ቤት ሆኖ የተማረ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ አጎቱ አባት ሆኖ ይጻፋል፤ አንዳንዱም በዚያው ቀን የራሱን ስም ጭምር ለውጧል። በሁለት መዝገብ የአባት ስም ሲለያይ አንዱን ስሕተት ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት "ማን አሳደጋቸው?" ብላችሁ ጠይቁ።

የፊደል ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ነው። ማውጫው በሀ ለ ሐ መ ቅደም ተከተል ከተሠራ ኃይሉ የሚባለው ሰው በሦስት ቦታ ሊገኝ ይችላል፦ መጀመሪያው ላይ በሀ፣ ከለ ቀጥሎ በሐ፣ ከቸ ቀጥሎ በኀ። ዓለሙ በአ እና በዐ፣ ሥዩም በሠ እና በሰ፣ ፀጋዬ በጸ እና በፀ ይፈለጋል። ገብረ ማርያም ተለያይቶ፣ ተጣብቆ ወይም በእዝባር (/) ተከፍሎ ሊጻፍ ይችላል። መዝገብ ቤት ስትገቡ እነዚህን አጻጻፎች ሁሉ የያዘ ብጣሽ ወረቀት ለሠራተኛው ስጡ። "ኃይሉ ፈልጉልኝ" ብቻ ከተባሉ አንዱን ቦታ አይተው የለም ሊሉ ይችላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እዚያ ቦታ የለም።

አሁን ወደ እድሩ። በመሀል አዲስ አበባ ለቤተሰብ ታሪክ ከእድር መዝገብ የሚበልጥ ወረቀት ማግኘት ይከብዳል፤ ግን አስቀድሞ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። እድር ለአባሉ፣ ለባለቤቱ፣ ለልጁ፣ ለእናት ለአባቱ፣ ለወንድም ለእህቱ፣ ለአማቱ ሞት የሚከፍለው ስለሚለያይ አባሉ ሲገባ እነዚህን ሰዎች በስም ያስመዘግባል። ረጅሙ፣ ጀርባው በጨርቅ የተለበጠው መዝገብ ሲገለጥ በግራ በኩል ተራ ቁጥር፣ የአባሉ ስምና የቤት ቁጥር፣ ቀጥሎ የባለቤት፣ የልጆችና የሁለቱም ወገን ወላጆች ስም ይገኝበታል፤ አሠራሩ ከእድር እድር ይለያያል። የወርሃዊ መዋጮው ገጽም በጥንቃቄ ይታይ። ክፍያው በየወሩ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ወር ላይ "አርፈዋል"፣ "በባለቤታቸው ስም ዞሯል" ወይም "ሰፈር ለቀዋል" የሚል ማስታወሻ ካለ ያ ወር የሞታቸው ወይም የዝውውራቸው ጊዜ ሆነ ማለት ነው። የወጪ ደረሰኝ ተያይዞ ከቆየ ቀኑ ራሱ ይገኛል።

የእድር መዝገብ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው። ያሳደገችን አክስት በእናት ቦታ ማስመዝገብ የተለመደ ስለነበር "እናት" የሚለው ዓምድ የወለደችዋን ላይሆን ይችላል። ክፍያው በዝምድና ስለሚወሰን አባሉ የሩቅ ዘመዱን ወንድሜ ብሎ ያስገባበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ እድሩ የሞትን ቀንና የቤቱን ሰዎች በደንብ ይነግራችኋል፤ የሥጋ ዝምድናን ግን በሌላ ማስረጃ አጽኑ።

ይህን ሥራ አታዘግዩ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዙሪያዋ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ለዘመናት አብሮ የኖረ ሰፈር ተበትኗል። መዝገቡ በሰብሳቢው ወይም በጸሐፊው ቤት ስለሚቀመጥ ሰውየው ወደሄደበት ሄዷል። ፍለጋችሁን በደጃች ውቤ ሰፈር፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በገዳም ሰፈር ወይም በአፍንጮ በር የምትጀምሩ ከሆነ መጀመሪያ የጸሐፊውን ስልክ ከቀድሞ ጎረቤት አግኙ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በኋላ ይደረስበታል። ስትሄዱ መዝገቡን ልውሰድ አትበሉ፤ እዚያው ተቀምጣችሁ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሡ። የሌሎች አባላት ችግርና ዕዳ አብሮ ስለተጻፈ ከራሳችሁ ቤተሰብ ገጽ ውጪ አታንሡ፣ ለሰውም አታሳዩ።

ቀጥሎ መቃብሩ ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ፣ በሥላሴ፣ በበአታና በሌሎቹ የመሀል ከተማ አድባራት ቦታ ስለሚጠብ አጽም ተነሥቶ ወደ ፉካ ሊዛወር ይችላል። ድንጋዩ ከሌለ ቦታው ተረሳ ብላችሁ አትተዉት፤ አጽሙ መቼና ወዴት እንደተነሣ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ድንጋዩ ካለ በሽቦ ቡርሽ አትፈትጉት፤ ኖራና ዱቄትም አትቀቡበት። ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ጽሑፉ የደበዘዘ ከሆነ ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ አዘቅዝቃ በጎን ስትመታው እዩት። በቀትር ምንም የማይታይበት ድንጋይ በጎን ብርሃን ይነበባል። ጥላ ውስጥ ከሆነ የእጅ ባትሪ ከድንጋዩ ጎን አስጠግታችሁ አብሩ፤ ፊት ለፊት የሚበራ ብርሃን ጥልቀቱን ያጠፋዋል።

በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ቀን ሲያረጅ በተለይ ፮ እና ፯ ይመሳሰላሉ። ዓመቱ በሰባት ሺህ ቤት ከመጣ፣ ለምሳሌ ፸፬፻፲፩ ከሆነ፣ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠር) ነውና 5500 ቀንሱ፤ ከ7411 ሲቀነስ 1911 ይመጣል። የወንጌላዊው ስም ካለ ደግሞ ትልቅ መሣሪያ ነው። ዓመቱን ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው።

በምሳሌ እንየው። ድንጋዩ ላይ "ዓርብ ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፴" ይልና የመጨረሻው ቁጥር ተፍቋል፤ ከሥሩ "በዘመነ ሉቃስ" ይላል። ከ1930ዎቹ ለ4 ሲካፈሉ 3 የሚተርፋቸው 1931፣ 1935 እና 1939 ናቸው። አሁን በባሕረ ሐሳብ የመስከረም 1ን ዕለት አውጡ፦ ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍላችሁ የደረሰውን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሩ፣ ድምሩን ለ7 ግደፉ፣ ማለትም አካፍላችሁ ትርፉን ያዙ። 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ያለ ትርፍ ሰኞ ነው። ለ1935 ዓመተ ዓለሙ 7435 ነው፤ ሩቡ 1858፣ ድምሩ 9293፤ ለ7 ሲገደፍ 4 ይተርፋል፣ ዓርብ ማለት ነው። በዚሁ ስሌት 1931 እሑድ፣ 1939 ረቡዕ ይገባል። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 21 ድፍን 140 ቀን፣ ማለትም 20 ሳምንት ስለሆነ ጥር 21 ሁልጊዜ ከመስከረም 1 ጋር በአንድ ዕለት ይውላል። እንግዲህ የተፋቀው ቁጥር ፭ ነው፤ ሰውየው ያረፉት በ1935 የአስተርዮ ዕለት ነው። ድንጋዩ ላይ ዕለት፣ ቀንና ወንጌላዊ ካሉ የጠፋ አኃዝ በዚህ መንገድ ይመለሳል። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ጠራቢው ተሳስቷል ወይም አነባበባችሁ ልክ አይደለም፤ መጀመሪያ የራሳችሁን አነባበብ ጠርጥሩ።

ቤት ውስጥ አሮጌ ዳዊት ካለ ከማንኛውም ቢሮ በፊት እሱን ክፈቱ። ባለዳዊቶች በመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይ ልደት፣ ሞትና የመሬት ነገር ይጽፉ ነበር። በጸሎቱ መካከልም "ለገብርከ" ወይም "ለአመትከ" ከሚለው ቀጥሎ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ ገብርከ ወንድ፣ አመትከ ሴት ናት። ስሙ ያለበትን ቦታ ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ተመልከቱ። ብራናው እዚያ ላይ ብቻ ሳስቶ፣ ነጥቶ፣ ትንሽ ሻካራ ከሆነና ቀለሙ ከዙሪያው ከተለየ፣ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የሁለተኛው ተጽፎበታል። ያ ማለት መጽሐፉ ተሽጧል ወይም ተወርሷል። በቤቱ ስለተገኘ ብቻ በውስጡ የተጻፉት ሰዎች ሁሉ የእናንተ ዘመዶች ናቸው ማለት አይደለም፤ ስሙ ከመፋቁ በፊት የተጻፈው የሌላ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

የቤትና የቦታ ወረቀት ሁለት ዘመን አለው። ከ1967 በፊት የቦታ ውል፣ ካርታና የግብር ደረሰኝ ነው። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲዞር፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ስለዚህ የአያታችሁ ቤት በስንት ብር ይከራይ እንደነበር ማወቅ ፋይሉን የት እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ወረዳው ጋ፣ የኪራይ ቤቶች ከሆነ የዚያን ድርጅት ሥራ የወረሰው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ጋ ጠይቁ። አድራሻውን ዛሬ በሚጠራበት ብቻ አትጻፉ። በደርግ ዘመን የነበረውን ከፍተኛ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር አያይዙ፤ አሮጌው ፋይል የተሰፋው በዚያ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ አሮጌ የውኃና የመብራት ደረሰኝ፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም የራሽን ካርድ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከፍርድ ቤት ወረቀት ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ መዝገብን የሚያህል የለም። በውስጡ የሟች ሙሉ ስም፣ የሞት ቀን፣ የልጆች ዝርዝር፣ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ በእሱ ምትክ የገቡ የልጅ ልጆች፣ የምስክሮች ቃልና መቃወሚያ ያለው እንዲቀርብ በጋዜጣ የወጣ ጥሪ ይኖራል። ለቤተሰብ ታሪክ ከሁሉ የሚጠቅመው የተቃዋሚው ማመልከቻ ነው። "እኔም ልጃቸው ነኝ" ብሎ የመጣ ሰው የተደበቀውን ጋብቻ፣ በሌላ አገር የተወለደውን ልጅ፣ ያልተነገረውን ፍቺ በጽሑፍ አስቀምጦታል። በአዲስ አበባ የወራሽነት ማረጋገጫ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 ለከተማው ፍርድ ቤቶች ተሰጥቷል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በሌሎቹ ፍርድ ቤቶች ናቸው። የመዝገብ ቁጥር ከሌላችሁ ቢያንስ ዓመቱንና የአመልካቹን ስም ያዙ፤ ብዙ ጊዜ መዝገቡ የሚከፈተው በሟች ሳይሆን በአመልካቹ ስም ነው። አመልካቹ ደግሞ ከልጆቹ አንዱ ስለሆነ የሁሉንም ልጆች ስም ይዛችሁ ሂዱ። እስላም ቤተሰብ ከሆነ ውርሱና ኒካሑ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሆን ስለሚችል ቀኑን በሂጅራ አቆጣጠር ጠብቁ።

ማመልከቻ ስትጽፉ አጭር ይሁን። ማንን እንደምትፈልጉ፣ ስሙ የሚጻፍባቸውን መልኮች፣ የዓመት ክልሉን (ለምሳሌ ከ1948 እስከ 1952)፣ የነበረበትን አድራሻ፣ የእናንተን ዝምድናና የምትፈልጉትን ወረቀት ብቻ አስፍሩ። "የቤተሰቤን ታሪክ ለማወቅ" የሚል ጥያቄ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምን ማውጣት እንዳለበት አይነግረውም። የመታወቂያ ኮፒ አያይዙ፣ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፉ።

በሥራ በኩል፣ መንግሥት ሠራተኛ ከነበሩ የጡረታ ማህደር አለ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የቆመ ስለሆነ ከዚያ በፊት ሥራ ለለቀቀ ሰው አትድከሙ። የግል ድርጅት ሠራተኞች በአገር አቀፍ ደረጃ የገቡት በ2003 ነው። ማህደሩ የቅጥር ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ይይዛል። የትውልድ ዓመቱን ግን አትመኑ፤ ለመቀጠር ጨምሮ፣ ጡረታ ላለመውጣት ቀንሶ ያስመዘገበ ብዙ ነው። ተማሪ ከነበሩ በምኒልክ፣ በ1917 በተከፈተው ተፈሪ መኮንን ወይም በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መዝገብ የአሳዳጊ ስም ሊገኝ ይችላል። አርበኛ ከነበሩ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር የአባልነት ማስረጃ ይጠየቃል።

የባቡር ኩባንያ፣ የሚሲዮን ሆስፒታል ወይም የጣሊያን ዘመን ወረቀት ከመጣ ስሙና ቀኑ ሁለቱም ይቀየራሉ። "ወ" በእንግሊዝኛ በደብልዩ፣ በፈረንሳይኛ በኦ እና ዩ፣ በጣሊያንኛ በዩ ብቻ ይጀምራል፤ ስለዚህ ወልዴን በአንዱ ፊደል ብቻ የፈለገ አያገኘውም። በዓመቱ ላይ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መለወጫ (ታኅሣሥ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው) 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8 ይደመራል። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 በእነሱ ኦክቶበር 27 ቀን 1916 ነው፤ ዐድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ደግሞ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 የሚውለው ፈረንጆች በ1900 ዓመታቸው የሠግር ቀን ስላልጨመሩ ነው። ከእኛ የካቲት 1892 በፊት ያለን ቀን በዛሬው ልዩነት የሚያሰላ ሰው በአንድ ቀን ይስታል።

ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጥበት ቦታ ነው፤ ግን ስምና ዓመት ሳይዙ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። በ1936 የተቋቋመ ሲሆን የግለሰብና የመንግሥት መዛግብት፣ አሮጌ ጋዜጦችም አሉበት። ብርሃንና ሰላም ከ1917፣ አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ሹመት፣ የኀዘን መግለጫና የፍርድ ቤት ጥሪ ያወጡ ስለነበር የሞት ቀኑን ከያዛችሁ ከዚያ ቀን በኋላ ያሉትን የሁለት ወር ጋዜጦች ማገላበጥ ያዋጣል። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሀብት አለው፦ የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሰፈሮች፣ ስለ ትምህርት ቤቶችና ስለ ግለሰቦች የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች። ጽሑፉን ከማንበባችሁ በፊት የመጨረሻ ገጾቹን ግለጡ። ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜና ቀን ተዘርዝሯል፤ የአያታችሁ ጎረቤት፣ አንዳንዴም አያታችሁ ራሳቸው እዚያ ውስጥ ይገኛሉ።

ከ1928 በፊት ያለ ወረቀት ካጣችሁ ምክንያቱ አይግረማችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከተማዋን ከለቀቁ ጀምሮ ጣሊያን ሚያዝያ 27 እስኪገባ አዲስ አበባ ተዘርፋለች፣ ተቃጥላለች። በየካቲት 1929 ደግሞ ቤት ከነሰዉ ነደደ። ለዚያ ዘመን የቀረው የሰው ቃል ነው።

ሽማግሌ ስትጠይቁ "መቼ ተወለዱ?" አትበሉ። "የኅዳር በሽታ ሲገባ እናትዎ አግብተው ነበር?"፣ "ማይጨው የዘመተው ታላቅዎ ነው ታናሽዎ?" በሉ። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ገደማ፣ የምኒልክ ሞት ታኅሣሥ 1906፣ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ዘውዱ ጥቅምት 1923፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፤ እነዚህን በወረቀት ይዛችሁ እያንዳንዱን ሰው በሁለቱ መካከል አስገቡት። ሰባት ቤት ሲቆጠርላችሁ በሒሳብ ፈትኑት። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢወስድ ሰባቱ ወደ 200 ዓመት ገደማ ነው። በ1980 ለተወለደ ሰው ሰባተኛው አያት የዐድዋ ዘማች ከሆኑ ቆጠራው ውስጥ ወንድም እንደ አባት ገብቷል። ከቴዎድሮስ በፊት ሄዶ በአራት ትውልድ ካለቀ ደግሞ ስመ ጥር ያልነበረው አያት ተዘሎ ሊሆን ይችላል፤ ታዋቂው ሲቀር ዝም ብሎ የኖረው ይረሳል። ደግሞም አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ። የእናት ልጆችና የአባት ልጆች የተለያየ ቆጠራ ይነግሯችኋል፤ በደሞዝ (በክፍያ በሚደረግ ጊዜያዊ) ጋብቻ የተወለደን ልጅ አንዱ ወገን ሲዘልለው ሌላው ያነሣዋል። የሚያሳፍር የሚመስላቸውን ነገር ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቁ፤ ቡናው ካለቀ በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ ይነገራል።

አሮጌ ፎቶ ካለ ፊቱን ብቻ አትዩ፤ ጀርባውን ገልብጡት። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የታወቁት የቦያጂያን ቤተሰብና ሌሎች የከተማዋ ፎቶ ቤቶች ማኅተም ወይም ቁጥር ሊኖርበት ይችላል። ከካርቶኑ በኃይል አትላጡት፣ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ መድቡና እያንዳንዱን ነገር ከየት እንዳገኛችሁት አጠገቡ ጻፉ፦ የማን ቃል፣ የትኛው መዝገብ፣ ስንተኛው ገጽ፣ በስንት ቀን እንዳያችሁት። መዝገብ ፎቶ ስታነሡ መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ቀጥሎ የገጹን ቁጥር፣ ከዚያ ጽሑፉን አንሡ፤ ፍላሽ አታብሩ፣ ስልኩን ከገጹ ትይዩ አድርጉት። ከሦስት ወር በኋላ ስልካችሁ ውስጥ መቶ የእጅ ጽሑፍ ገጽ ሲኖር የትኛው የየት እንደሆነ የሚነግራችሁ ያ የሽፋን ፎቶ ብቻ ነው። ሁለት ማስረጃ ሲጋጭ አንዱን አትሰርዙ። የእድሩ መዝገብ ኅዳር፣ ድንጋዩ ጥር ቢል ሁለቱንም አስቀምጡ፤ ምናልባት ድንጋዩ የተተከለው ለሙት ዓመቱ ሊሆን ይችላል፣ ሦስተኛው ወረቀት ሲገኝ ይለያል። የሰበሰባችሁትን አትማችሁ አንዱን ቅጂ ቃላቸውን ለሰጧችሁ ሽማግሌ መልሱ። ሲያነቡት ወይም ሲነበብላቸው "አይ፣ ይሄ እንኳ እንዲህ አይደለም" ብለው የሚያርሙት ቦታ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ብዕራችሁን አዘጋጁ።